በቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚሠሩ የኮንቴይነር ሶፍትዌሮችን መረጃ ሳይጠፋ ማዘመን፦ መብራትና ኢንተርኔት ለሚቆራረጥባቸው አካባቢዎች ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ወይም በአነስተኛ የንግድ ቤታቸው በሚገኝ ኮምፒውተር ላይ በኮንቴይነር የታሸጉ ሶፍትዌሮችን ጭነው ለሚገለገሉ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ሶፍትዌሩ ከአሮጌው እትም ወደ አዲሱ ሲሸጋገር የተጠቃሚው መረጃ እንዳይጠፋና አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ የሚያስችሉ የጥንቃቄ እርምጃዎችን በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። ማብራሪያው በአንድ መሠረታዊ ሐሳብ ላይ ያርፋል፤ ይኸውም ሶፍትዌር ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል፣ መረጃ ግን ቅጂ ከሌለው አይገኝም የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት ያስፈልገዋል?

በአዲስ አበባ የሚኖር ተጠቃሚ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ በዚያው ቀን ባለሙያ ሊያገኝ፣ ሶፍትዌሩንም ከኢንተርኔት በድጋሚ ሊያወርድ ይችላል። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደቡብ ኦሞ ዞን፣ በሳላማጎ ወረዳ ሃና ከተማ ለሚኖር ተጠቃሚ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ለጥገና ወደ ዞኑ መቀመጫ ወደ ጂንካ መጓዝ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ጊዜና ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ በሌላ ቦታ እንደ ቀላል ስህተት የሚታየው ጥፋት በሃና የሳምንታት ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል።

ሐሳቡን ግልጽ ለማድረግ ያህል በሃና የምትኖር አንዲት መምህርትን በምሳሌነት እንውሰድ። መምህርቷ በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሁለት አገልግሎቶችን ጭናለች። አንደኛው ኪዊክስ የተባለው ሲሆን የአማርኛውን ዊኪፒዲያ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ ተማሪዎቿም በዋይፋይ ተገናኝተው ያነባሉ። ሁለተኛው ኔክስትክላውድ የተባለ የፋይል ማከማቻ ነው። በውስጡም የትምህርት ማስታወሻዎቿ፣ የቤተሰቧ ፎቶግራፎችና ከዲሜ ብሔረሰብ ሽማግሌዎች የቀዳቻቸው የድምፅ ቅጂዎች ይገኛሉ። የዲሜ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ከተቀዱት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹም ዛሬ በሕይወት የሉም። ዊኪፒዲያው ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል፤ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ግን ከየትም አይወርድም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች በሙሉ በእነዚህ ሁለት ዓይነት ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት መሠረት ያደረጉ ናቸው።

ኮንቴይነር ምንድን ነው?

ኮንቴይነር አንድን ሶፍትዌር ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ረዳት ፕሮግራሞች ጋር በአንድ ላይ አሽጎ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ሌሎች ሶፍትዌሮች ለይቶ የሚያሠራ ዘዴ ነው። ዘዴውን በስፋት ያስተዋወቀው ዶከር የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። ተጠቃሚው ሊለያቸው የሚገቡ አራት ቃላት አሉ።

ኢሜጅ፦ ሶፍትዌሩ ታሽጎ የሚቀመጥበት፣ ከኢንተርኔት የሚወርድና የማይለወጥ ጥቅል ነው።

ኮንቴይነር፦ ከኢሜጁ ተነስቶ በሥራ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው። ከአንድ ኢሜጅ ብዙ ኮንቴይነሮችን ማስነሳት ይቻላል።

ቮልዩም፦ ተጠቃሚው የሚያስገባው መረጃ ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

የኮምፖዝ ፋይል፦ የትኛው ኢሜጅ በየትኛው እትም እንደሚሠራ፣ መረጃውም የት እንደሚቀመጥ የተጻፈበት የጽሑፍ ሰነድ ነው።

ኮንቴይነርን ከኪራይ ቤት፣ መረጃውን ደግሞ ከቤት ዕቃ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ኮንቴይነር ሲዘመን አሮጌው ቤት አይታደስም፤ ሙሉ በሙሉ ፈርሶ በምትኩ አዲስ ቤት ይሠራል። ዕቃው በተለየ መጋዘን ማለትም በቮልዩም ውስጥ ከተቀመጠ ወደ አዲሱ ቤት ይገባል። ዕቃው በአሮጌው ቤት ውስጥ ከቀረ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም ከማዘመን በፊት ሊመለስ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ «መረጃዬ የት ነው የተቀመጠው?» የሚል ነው።

ማዘመን ለምን ያስፈልጋል?

አደጋን በመፍራት ሶፍትዌርን ሳያዘምኑ መተው መፍትሔ አይሆንም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ከተጎጂዎቹ መካከል የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ይገኝበታል። ቫይረሱ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚዘጋው የዊንዶውስ ማሻሻያ ግን ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሎግፎርጄ በተባለ በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ በሚገኝ ክፍል ላይ ከባድ ክፍተት መኖሩ ይፋ ሲሆን፣ በኮንቴይነር የሚሠሩትን ጨምሮ በርካታ አገልግሎቶች በአስቸኳይ መዘመን ነበረባቸው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ማሻሻያ እኩል አስቸኳይ አይደለም። የደህንነት ክፍተት የሚዘጋ ማሻሻያ ሳይዘገይ ሊጫን ይገባል። አዲስ ገጽታ ብቻ የሚጨምር ማሻሻያ ግን መብራትና ኢንተርኔት አስተማማኝ እስኪሆኑ ድረስ ሊቆይ ይችላል። በኮንቴይነር ውስጥ ያለ ሶፍትዌርም ኮምፒውተሩ ራሱ ስለተዘመነ ብቻ አይዘመንም፤ ኢሜጁ ለብቻው በአዲስ መተካት አለበት።

ደረጃ 1፦ ያለውን መመዝገብ

ተጠቃሚው በቅድሚያ በወረቀት ላይ የሚከተሉትን ይመዘግባል፦ በሥራ ላይ ያሉት ኮንቴይነሮች ስም፣ የእያንዳንዱ እትም ቁጥር፣ መረጃው የሚቀመጥበት ቮልዩም ወይም አቃፊ እንዲሁም አንዱ በሌላው ላይ ያለው ጥገኝነት። በምሳሌያችን ኔክስትክላውድ ብቻውን አይሠራም፤ የተጠቃሚዎችንና የፋይሎችን ዝርዝር የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በተባለ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ፋይሎቹ ተርፈው ዳታቤዙ ቢጠፋ ድምፁ በዲስኩ ላይ ይኖራል፤ ሆኖም ኔክስትክላውድ ፋይሉ የማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጋራና ምን አስተያየት እንደተጻፈበት ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም እንደ አንድ አካል ሊታዩ ይገባል።

በዚህ ደረጃ ማንኛውም መረጃ ከቮልዩም ውጭ በኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ከተገኘ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ከመሻገር በፊት ወደ ውጭ መቀዳት አለበት። ቮልዩሞች ግልጽ ስም እንዲኖራቸውም ይመከራል። ስም ያልተሰጠው ቮልዩም ኮንቴይነሩ ተወግዶ እንደገና ሲነሳ ሊታለፍና አገልግሎቱ ባዶ ሆኖ ሊጀምር ይችላል።

ደረጃ 2፦ የእትሙን መግለጫ ማንበብ

የሶፍትዌር እትም ብዙ ጊዜ በነጥብ በተለያዩ ቁጥሮች ይገለጻል። የመጀመሪያው ቁጥር ሲለወጥ በአሠራሩ ላይ መሠረታዊ ለውጥ መደረጉን ያመለክታል። የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ሲለወጥ ግን በአብዛኛው ስህተት መታረሙን ወይም ክፍተት መዘጋቱን ይጠቁማል። አዘጋጆቹ ከእያንዳንዱ እትም ጋር የሚያወጡት መግለጫ ተጠቃሚው አስቀድሞ ሊያከናውናቸው የሚገቡ ተግባራትን ስለሚይዝ ሊነበብ ይገባል።

ሁለት ምሳሌዎችን መጥቀስ ይቻላል። ኔክስትክላውድ ዋና እትሞችን መዝለል አይፈቅድም። ከ28 ወደ 30 ለመድረስ የሚፈልግ ተጠቃሚ በመጀመሪያ ወደ 29፣ ቀጥሎም ወደ 30 መሸጋገር አለበት። ፖስትግሬስ በበኩሉ በአንድ ዋና እትም የተጻፈን የመረጃ አቃፊ በሌላ ዋና እትም በቀጥታ አያነብም። በ15ኛው እትም የተቀመጠ መረጃ ላይ የ16ኛው እትም ኢሜጅ ቢደረብ ኮንቴይነሩ አይነሳም። መረጃው በትክክለኛው መንገድ እንዲሸጋገር በአሮጌው እትም ወደ ፋይል ወጥቶ በአዲሱ ተመልሶ መግባት ይኖርበታል። በተጨማሪም ከ18ኛው እትም ጀምሮ የፖስትግሬስ ይፋዊ ኢሜጅ መረጃው የሚቀመጥበትን አቃፊ ስለቀየረ የኮምፖዝ ፋይሉ አብሮ መስተካከል አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ «ሌተስት» የሚለውን መለያ በኮምፖዝ ፋይል ላይ ከመጠቀም መቆጠብ ይመከራል። መለያው ዛሬ ወደ አንድ እትም፣ ነገ ደግሞ ወደ ሌላ ሊያመለክት ስለሚችል ተጠቃሚው ሳያስበው ዋና እትም ሊቀየርበት ይችላል። የትኛው እትም በደህና ሲሠራ እንደነበረም ለማወቅ ያስቸግራል። በምትኩ ትክክለኛው የእትም ቁጥር በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ደረጃ 3፦ መጠባበቂያ ቅጂ ማዘጋጀትና መፈተሽ

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ከማዘመን በፊት የሚዘጋጀው መጠባበቂያ ቅጂ ከሁሉም እርምጃዎች ይበልጣል። ቅጂው ሦስት ነገሮችን መያዝ አለበት፦ በቮልዩሞቹ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች፣ የዳታቤዙን ይዘት እንዲሁም የኮምፖዝ ፋይሉን ከይለፍ ቃላትና ከማስተካከያ ሰነዶች ጋር።

ዳታቤዝ በሥራ ላይ እያለ አቃፊውን በቀጥታ መቅዳት አይገባም። ቅጂው በሚወሰድበት ጊዜ መረጃው እየተጻፈ ስለሚሆን ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ የማይነበብ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ የዳታቤዙን የራሱን የመረጃ ማውጫ ትዕዛዝ መጠቀም ወይም ኮንቴይነሮቹን በሥርዓት አቁሞ መቅዳት ነው። ፋይሎቹና ዳታቤዙ እንዲጣጣሙም ሁለቱ ቅጂዎች ተጠቃሚዎች አዲስ ነገር በማያስገቡበት በአንድ ጊዜ መወሰድ አለባቸው።

ቅጂዎችን በሚመለከት በሙያው የተለመደው ደንብ ሦስት-ሁለት-አንድ ይባላል። መረጃው በጠቅላላው በ3 ቅጂ፣ በ2 የተለያዩ ማከማቻዎች ይቀመጣል፤ ከእነዚህም 1 ቅጂ ከቤት ውጭ ይሆናል። ለሃና ነዋሪ ይህ ማለት አንዱ በላፕቶፑ፣ አንዱ በቤት ውስጥ በተቀመጠ ተነቃይ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ደግሞ ለምሳሌ በጂንካ በሚኖር ታማኝ ዘመድ ቤት ሊሆን ይችላል። ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ቅጂ በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት፤ የይለፍ ቃሉም ከዲስኩ ጋር አብሮ መቀመጥ የለበትም።

ቅጂ መኖሩ ብቻ በቂ ዋስትና አይደለም። በጥር 2009 ዓ.ም. ጊትላብ የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ አቃፊ በመሰረዙ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ኩባንያው በይፋ እንዳስታወቀው መረጃውን ለመጠበቅ ከዘረጋቸው አምስት ዘዴዎች መካከል በሚገባ ይሠራ የነበረ አልተገኘም። በመጨረሻም የስድስት ሰዓት ያህል የዳታቤዝ መረጃ ጠፍቷል። ብዙ ባለሙያ ያለው ተቋም እንዲህ ከገጠመው በቤቱ ብቻውን የሚሠራ ተጠቃሚ ቅጂውን ሳይፈትሽ ሊተማመንበት አይገባም።

ፍተሻው አስቸጋሪ አይደለም። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወይም በዚያው ኮምፒውተር በተለየ አቃፊና በተለየ የፕሮጀክት ስም ተመልሶ ይጫናል። ከዚያም ጥቂት ፋይሎች ተከፍተው ይታያሉ። መምህርቷ ከተመለሰው ቅጂ አንድ የድምፅ ፋይል ከፍታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካዳመጠች ቅጂ አላት ማለት ይቻላል። የፋይሉን ስም ብቻ አይታ ከተወች ግን ቅጂ ያላት ይመስላታል እንጂ ስለመኖሩ ማረጋገጫ የላትም።

ደረጃ 4፦ አስቀድሞ ማውረድ

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዋናው ደንብ «ቀድሞ ማውረድ፣ በኋላ ማቆም» ነው። አዲሱን ኢሜጅ የሚያወርደው የዶከር «ፑል» ትዕዛዝ በሥራ ላይ ያለውን ኮንቴይነር አይነካም። አሮጌው አገልግሎት እየሠራ አዲሱ ኢሜጅ በሌሊት ወይም ኔትወርኩ በሚረጋጋበት ሰዓት ሊወርድ ይችላል። አገልግሎቱ የሚቆመው ኢሜጁ ሙሉ በሙሉ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

በሃና የሚገኘው ኢንተርኔት ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ኢሜጁን የተሻለ ኔትወርክ ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ ማምጣት ይቻላል። የዶከር «ሴቭ» ትዕዛዝ ኢሜጁን ወደ አንድ ፋይል ይለውጠዋል፤ «ሎድ» የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ በሌላኛው ኮምፒውተር ላይ መልሶ ይጭነዋል። በዚህ ጊዜ ሦስት ነጥቦች መታወስ አለባቸው። አንደኛ፣ የሁለቱ ኮምፒውተሮች የፕሮሰሰር ዓይነት ሊለያይ ይችላል። በተለመደ ላፕቶፕ የወረደ ኢሜጅ እንደ ራስፕቤሪ ፓይ ባሉ አነስተኛ ኮምፒውተሮች ላይ ላይሠራ ስለሚችል በሚወርድበት ጊዜ ተፈላጊው ዓይነት ሊገለጽ ይገባል። ሁለተኛ፣ አንዱ አገልግሎት የሚጠቀምባቸው ኢሜጆች በሙሉ መምጣታቸው ከዝርዝሩ ጋር መመሳከር አለበት፤ ኔክስትክላውዱ መጥቶ አስፈላጊው የዳታቤዝ ኢሜጅ ቢረሳ ጉዞው ከንቱ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ኢሜጆች ሊወርዱ የሚገባው ከአዘጋጁ ይፋዊ ምንጭ ብቻ ነው። ከማይታወቅ ሰው በፍላሽ የተገኘ ኢሜጅ ጎጂ ፕሮግራም ሊይዝ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ማዘመን

ሥራው የሚጀመረው የኮምፒውተሩ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወይም በዩፒኤስ ሲደገፍ ነው። አዲሱ እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የዳታቤዙን አደረጃጀት ሊለውጥ ስለሚችል በዚህ መሐል መብራት ቢቋረጥ መረጃው በከፊል ተለውጦ ሊቀር ይችላል። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር ይመረጣል። በዲስኩ ላይም ለአዲሱ ኢሜጅና ለዳታቤዙ ለውጥ የሚበቃ ባዶ ቦታ መኖሩ አስቀድሞ ይታያል።

ቀጥሎም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይፈጸማል።

አንደኛ፣ አገልግሎቱን የሚጠቀሙ ሰዎች እንዲወጡ ይነገራቸዋል። መጠባበቂያ ቅጂው ከተወሰደ በኋላ አዲስ መረጃ ከገባ የመጨረሻ ቅጂ ይወሰዳል።

ሁለተኛ፣ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ የአንድ አገልግሎት የእትም ቁጥር ብቻ ይቀየራል። ሁሉን በአንድ ጊዜ መቀየር ችግር ሲፈጠር ምክንያቱን ለመለየት ያስቸግራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በችኮላ የተቆጠበው ሰዓት በጥገና ይባክናል።

ሦስተኛ፣ በኮምፖዝ «አፕ» ትዕዛዝ አዲሱ ኮንቴይነር ይነሳል። «ሎግስ» በሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚጽፋቸው መልእክቶች ይነበባሉ። የዳታቤዝ ለውጥ በመካሄድ ላይ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ከታየ እስኪያበቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሂደቱ ዘገየ በሚል ኮምፒውተሩን ማጥፋት አይገባም።

አራተኛ፣ አገልግሎቱ ይፈተሻል። ለፍተሻው ገጹ መከፈቱ ብቻ አይበቃም። አንድ ተጠቃሚ በይለፍ ቃሉ መግባቱ፣ አንድ የቆየ ፋይል መከፈቱ፣ አንድ አዲስ ፋይል መቀመጡና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አገልግሎቱ ራሱን ችሎ መነሳቱ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ ወደ ቀጣዩ አገልግሎት ይታለፋል።

አዲሱ እትም ካልሠራ ምን ይደረጋል?

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ተጠቃሚዎች የሚሳሳቱት የእትም ቁጥሩን ብቻ ወደ ነበረበት በመመለስ ነው። አዲሱ እትም ዳታቤዙን ከለወጠው አሮጌው እትም የተለወጠውን መረጃ ማንበብ አይችልም፤ ለማንበብ ሲሞክርም ይበልጥ ሊያበላሸው ይችላል። ኔክስትክላውድም ወደ ኋላ መመለስን አይደግፍም። ስለሆነም አሮጌው ኢሜጅ የሚመለሰው ከማዘመኑ በፊት ከተወሰደው የመረጃ ቅጂ ጋር አብሮ ነው። በመጠባበቂያው ቅጂና በችግሩ መካከል የገባ አዲስ መረጃ ካለ ለብቻው መቀዳት ይኖርበታል።

የማይሠራውን አገልግሎት ለማስተካከል በሚደረገው ጥረት መካከል የማጽዳት ትዕዛዞችን መጠቀም ከፍተኛ አደጋ አለው። የኮምፖዝ «ዳውን» ትዕዛዝ ለብቻው ስም የተሰጣቸውን ቮልዩሞች አይሰርዝም። ቮልዩሞችም እንዲወገዱ የሚያዝ ተጨማሪ ምልክት ከተሰጠው ግን መረጃውን ያጠፋል። «ፕሩን» የተባለው የማጽጃ ትዕዛዝም ቮልዩሞችን እንዲጨምር ከታዘዘ በዚያን ጊዜ ጥቅም ላይ ያልዋሉትን ሊሰርዝ ይችላል። እነዚህን ትዕዛዞች ከማይታወቅ ምንጭ ገልብጦ ማስገባት አይገባም። አሮጌው ኢሜጅም አዲሱ እትም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በደህና መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ሊቆይ ይገባል። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ቦታ የተሰረዘን ኢሜጅ መልሶ ማውረድ ቀናት ሊወስድ ይችላልና።

ሶፍትዌሩ ራሱን በራሱ ቢያዘምንስ?

አዲስ ኢሜጅ በወጣ ቁጥር ኮንቴይነሮችን በራሳቸው የሚተኩ መሣሪያዎች አሉ። የራሳቸው ተለዋዋጭ መረጃ ለሌላቸው አገልግሎቶች፣ ለምሳሌ ለኪዊክስ፣ ጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ዳታቤዝ ላላቸው አገልግሎቶች ግን አይመከሩም። መሣሪያው መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩን፣ የእትሙ መግለጫ ምን እንደሚልና መብራት ሊጠፋ መሆኑን አያውቅም። ለእነዚህ አገልግሎቶች የተሻለው አሠራር አዲስ እትም መውጣቱን ብቻ እንዲያሳውቅ አድርጎ የማዘመኑን ውሳኔ ለባለቤቱ መተው ነው።

የኔትወርኩ ደህንነት

ከማዘመን በኋላ አገልግሎቱ ለማን ክፍት እንደሆነ እንደገና መታየት አለበት። በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ዶከር የሚከፍታቸው ፖርቶች ዩኤፍደብልዩ በተባለው የተለመደ ፋየርዎል የተጣለውን ክልከላ አልፈው ሊሠሩ ስለሚችሉ በፋየርዎሉ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም። ለቤተሰብ ብቻ የሚያገለግል ሶፍትዌር በራውተሩ በኩል ለኢንተርኔት ባይከፈት ይመረጣል፤ ዳታቤዙ ደግሞ ከኮንቴይነሮቹ ውጭ ፈጽሞ ሊከፈት አይገባም። ከሶፍትዌሩ ጋር የመጡ የመነሻ የይለፍ ቃሎችም መቀየር አለባቸው።

የሌሎች ሰዎችን መረጃ የሚይዙ፣ ለምሳሌ የደንበኞችን ስምና ስልክ የሚመዘግቡ የንግድ ቤቶች፣ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት አለባቸው። ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ጥቃት የደረሰበት ተጠቃሚ ኮምፒውተሩን ከኔትወርኩ ነጥሎ፣ በላዩ ላይ ያለውን ሳይሰርዝ፣ ጉዳዩን ለአካባቢው ፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማሳወቅ ይችላል። በስልክ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ «ላስተካክልልህ» ብሎ የይለፍ ቃል ለሚጠይቅ የማይታወቅ ሰው መስጠት ተገቢ አይደለም።

ከማዘመን በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

1. መረጃው የተቀመጠበት ቮልዩም ወይም አቃፊ በስም ይታወቃል?
2. በሥራ ላይ ያለው እትም ቁጥር ተመዝግቧል?
3. የአዲሱ እትም መግለጫ ተነቧል? የሚዘለል ዋና እትም አለመኖሩስ ተረጋግጧል?
4. የፋይሎቹ፣ የዳታቤዙና የኮምፖዝ ፋይሉ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጭ ተቀምጧል?
5. ቅጂው ተመልሶ ተጭኖ ቢያንስ አንድ ፋይል ተከፍቷል?
6. አዲሱ ኢሜጅ ሙሉ በሙሉ ወርዷል? አሮጌውስ አልተሰረዘም?
7. ባትሪው ወይም ዩፒኤሱ ሥራው እስኪያልቅ የሚበቃ ኃይል አለው?

ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይደለም» ከሆነ ማዘመኑን ለሌላ ቀን ማሸጋገር ይመረጣል። አስቸኳይ የደህንነት ክፍተት መኖሩ በተገለጸበት ጊዜ ደግሞ ዝግጅቱ እስኪሟላ ድረስ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ማለያየት ይቻላል፤ በቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚሠራ አገልግሎት ያለ ኢንተርኔትም ለቤተሰቡ መሥራቱን ስለሚቀጥል ተጠቃሚው ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ ያገኛል።